ብርሌ በእጅ ነፍቶ መሥራት ይቻላል? የሞከራችሁ ካላችሁ

ሜሪ_ሬንተን

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ትንሽ ለየት ይላል፣ አትሳቁብኝ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ሬንተን ነው። ከሲያትል እስከ ታኮማ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ እዚህ አካባቢ መስታወት የሚነፋበት ስቱዲዮ በየሰፈሩ አለ። በመስኮት እያየሁ ሲያምረኝ ከረመና በመጨረሻ የጀማሪ ኮርስ ተመዘገብኩ። እስካሁን የወረቀት መጫኛ ድቡልቡል፣ ጎባጣ የውኃ ብርጭቆ፣ አንዲት ትንሽ ሳህን ሠርቻለሁ። ሳህኗ ለነገሩ ብርጭቆ ልትሆን ነበር፣ እሷ ግን ሳህን መሆን ፈለገች።

አሁን ልቤ ያለው ብርሌ ላይ ነው። የእናቴ የልደት ቀን እየመጣ ስለሆነ በገዛ እጄ የሠራሁት ብርሌ ልሰጣት አስቤያለሁ። አስተማሪዬን ፎቶ አሳየሁት። ቅርጹን በጣም ወደደው፣ ጠጅ ምን እንደሆነም ጠየቀኝ። ከዚያ ግን አንገቱን በጣቱ እያሳየ «ይሄ ለጀማሪ አይሆንም፣ ትንሽ ቆይተሽ ትሞክሪዋለሽ» አለኝና ወደ ሌላ ተማሪ ሄደ። ለምን እንደማይሆን ግን አልነገረኝም።

እንግዲህ የማውቀው የለም፣ ንገሩኝ። አንገቱ እንዴት ነው የሚወጣው? ሆዱና አንገቱ ለየብቻ ተሠርተው ነው የሚጣበቁት ወይስ አንድ ላይ ነው? በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ቢነፋስ ማጭበርበር ነው? ደግሞ እናቴ ቤት ያሉት የድሮ ብርሌዎች በእጅ የተነፉ ይሁኑ የፋብሪካ በምን ይታወቃል? አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ «የተሰበረ ጠርሙስ አቅልጠሽ አትሠሪውም እንዴ» እያለ ያደርቀኛል። እሱንም መልሱልኝ።

ፒያሳ_ቦይ

እህቴ ሀበሻ ሱቅ ገብተሽ ግዢና ስሟን በማርከር ጻፊበት። እናት አይደለች? ደስ ይላታል።

ቀልዴን ነው። ሲያልቅ ፎቶውን ለጥፊልን።

የሙቅ_ቤት_ረዳት

ሜሪ፣ ይቻላል። አስተማሪሽም አልዋሸሽም። እኔ ሲያትል ውስጥ አንድ ስቱዲዮ ረዳት ሆኜ ነው የምሠራው፣ ማለትም ሌላው ሰው ይሠራል፣ እኔ የምድጃ በር እከፍታለሁ፣ እነፋለሁ፣ ፐንቲ (እቃው በታቹ የሚያዝበትን ድፍን የብረት ዘንግ) አመጣለሁ። ብርሌ ግን ለራሴ ስለሠራሁ ከዚያ ልንገርሽ። ረዘም ይላል።

መንፋት ሲባል ሰው ሁሉ የሳንባ ጉልበት ይመስለዋል። ሳንባ ትንሹ ነገር ነው። ዋናው ሙቀቱ የት ጋ እንዳለ ማወቅ ነው። የሞቀው ቦታ ይንቀሳቀሳል፣ የቀዘቀዘው ባለበት ይቆማል፣ በቃ። ዋናው ምድጃ ውስጥ ያለው ቅልጥ መስታወት 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ፓይፑ (የምንነፋበት ውስጡ ባዶ የብረት ዘንግ) ላይ ጠቅልለሽ ስታወጪው ልክ እንደ ማር ይወርዳል፣ ለዚህ ነው አንዴም ሳታቋርጪ የምታዞሪው። ካቆምሽ መሬት ነው። ይሄን አስተማሪሽ ሺህ ጊዜ ነግሮሽ ይሆናል። ብርሌ ላይ ግን ሁለት እጥፍ እውነት ነው፣ ምክንያቱም ቀጭን አንገት ላይ ከባድ ሆድ ተንጠልጥሎ ትንሽ ከመሃል ከሳተ እያንዳንዱ ዙር ስህተቱን ያባብሰዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ትንሽ መስታወት ትጠቀልያለሽ፤ ውኃ በጠገበው የቼሪ እንጨት ጭልፋ ታለሰልሺዋለሽ (እንፋሎቱ ፊትሽን ይመታሻል፣ እንጨቱ ስለራሰ ነው የማይቀጣጠለው)። ከዚያ አንድ አጭር ትንፋሽ ወደ ፓይፑ ትሰጪና ቀዳዳውን ወዲያው በአውራ ጣትሽ ትደፍኛለሽ። ውስጥ የገባው አየር ሲሞቅ ራሱ ይለጠጣል፣ ጫፉ ላይ አረፋዋ ብቅ ስትል ታያለሽ። ይሄን ኮርሱ ላይ ሠርተሽዋል። ሲጠነክር ምድጃው ውስጥ ተመልሰሽ ሁለተኛ ትጠቀልያለሽ። ለብርሌ ሁለት ጥቅል ይበቃል፣ ሦስተኛ ከጨመርሽ የአበባ ማስቀመጫ ነው የሚሆንልሽ።

አሁን አንገቱ። ልብ በይ፣ የብርሌው አፍ የሚሆነው ፓይፑ ጋ ያለው ጫፍ ነው። ማለት አንገቱ ከፓይፑ አጠገብ ነው የሚወለደው። መጀመሪያ በጃኩ፣ ትልቅ መቆንጠጫ በሚመስለው መሣሪያ፣ ከፓይፑ ጫፍ ትንሽ ወረድ ብለሽ ቀለበት ታስገቢያለሽ፣ ኋላ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው። ሆዱን በራሰ ጋዜጣ እያለሰለስሽ ትነፊዋለሽ፣ ከሚፈለገው ትንሽ አነስ አድርገሽ ተይው። ከዚያ ሆዱን አቀዝቅዢው። ጋዜጣው ላይ ቆየት አድርጊው፣ ታቹን የብረት ጠረጴዛ አስነኪው። ሆዱ ሲጠነክር ሁለተኛውን ምድጃ፣ ግሎሪ ሆል የምንለውን፣ ትገቢና ትከሻውን ብቻ ታሞቂያለሽ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ምድጃው ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው ታቹ ነው፣ ትከሻው ከኋላ ነው፣ እና ሆዱን ሳታሞቂ ትከሻውን ማሞቅ አትችይም። ስለዚህ እስከ ፓይፑ ጫፍ ጠልቀሽ ትገቢያለሽ፣ ስትወጪ ደግሞ ሆዱን ወዲያው በጋዜጣው ትመቺዋለሽ፣ ትከሻው እንደሞቀ ይቀራል። ወይም ረዳትሽ በእጅ ችቦ ትከሻውን ብቻ ያግልልሻል። ለጀማሪ ችቦው ይሻላል፣ ቅር አይበልሽ።

ከዚያ ፓይፑን ወደ ታች ትይዣለሽ። ሆዱ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ አንገቱ ይሳባል። በጣም ደስ የሚል ሰዓት ነው፣ ደግሞ በጣም አጭር ነው። ዝም ብለሽ ካየሽው ቀጥኖ ክር ይሆናል። አንገቱ ሲቀጥን ደግሞ ቀዳዳው መዘጋት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ረዳትሽ በስሱ ይነፋል፣ አንቺ ወንበሩ ላይ ተመልሰሽ በጃኩ እያዞርሽ ታስተካክያለሽ። ጃኩን አትጭመቂው። እጅሽ ላይ የሚቀልል ነገር መስሎ ሲሰማሽ ልክ ነሽ። አንገቱ ቀዝቅዞ ከቆመ በኋላ ብቻ ሆዱን እንደገና አሙቀሽ የመጨረሻዋን ትንፋሽ ስጪው፣ ሆዱ ክብ ይሆናል፣ አንገቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይነካም። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥሽው አንገቱ አብሮ ይነፋና ዱባ ይዘሽ ትወጫለሽ።

የቀረው ፐንቲ ነው። ረዳትሽ ድፍን ዘንግ ላይ ትንሽ መስታወት ይዞ ይመጣል፣ ታቹ መሃል ላይ ይለጥፋል፣ አንቺ ቀለበቷ ላይ የውኃ ጠብታ ታሳርፊና ፓይፑን መታ ታደርጊዋለሽ። ቋ ይላል። ብርሌው አሁን በታቹ ተይዞ አፉ ክፍት ነው። አፉን ታሞቂና ትንሽ ትከፍቺዋለሽ። እዚህ ላይ አትቸኩዪ፣ ግን አትዘግዪም። ያቺ ቀጭን አንገት ቶሎ ትሞቃለች ቶሎ ትቀዘቅዛለች፣ ሆዱ እንዳይሰነጠቅ ደግሞ በየመሃሉ መላውን ብልጭ አድርገሽ ታሞቂዋለሽ።

አስተማሪሽ ያላለሽ ይሄን ሁሉ ነው። ፈርቶልሽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብቻዬን ልሥራው አትበይ። የዚህ አገር የመስታወት ሥራ ከመሠረቱ የቡድን ነው። ታዋቂውን የመስታወት አርቲስት ዴል ቺሁሊን ታውቂዋለሽ፣ ታኮማ ነው የተወለደው፣ 1971 ላይ ከሲያትል በስተ ሰሜን ያለውን የፒልቸክ የመስታወት ትምህርት ቤት ካቋቋሙት አንዱ ነው። 1976 እንግሊዝ ውስጥ በመኪና አደጋ ግራ ዓይኑን አጣ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ትከሻው ተጎዳና ፓይፑን ለሌሎች አስረከበ። ስሙ የገነነው ግን ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱ ይስላል፣ ያዛል፣ ቡድኑ ይነፋል። ሰው «ታዲያ ምኑን ሠራው» ይላል። እኔ አልፈርድበትም፣ ሙቅ ቤት፣ መስታወት የሚነፋበት ክፍል ማለት ነው፣ ውስጥ አንድ ቀን የዋለ ሰው ይገባዋል። ጎበዝ ረዳት ከሌለሽ ብርሌ የለሽም።

ሽሮሜዳ_84

በጣም ጥሩ ማብራሪያ ነው፣ እናመሰግናለን። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ የሜሪ ወንድም ጥያቄ የኔም ጥያቄ ነው። እኔ ራሴ ሴራሚክ እሠራለሁ፣ 1,200 ዲግሪ የሚደርስ ምድጃ አለኝ። ጠርሙስ ደግሞ እዚህ እንደ ጉድ ነው፣ የቢራውም የለስላሳውም ስባሪ በኩንታል ይገኛል። ለምን ዝም ብሎ ይጣላል? የጠርሙስና ብርጭቆ ፋብሪካው በማሽን ነው የሚሠራው፣ በእጅ የሚነፋ ግን አላየሁም። ካለ ጠቁሙኝ። ከሌለ እኔ ልጀምር ነው፣ ምን ይከለክለኛል?

ጡረተኛው_ኬሚስት

ሽሮሜዳ፣ የሚከለክልህ የለም፣ ግን ሁለት ነገር ልብ በል። ዕድሜዬን ኬሚስትሪ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መስታወት ነፍቼ አላውቅም፣ ስለ እቃው ግን ልንገርህ።

ጠርሙስ ማለት በአብዛኛው አሸዋ ነው፣ ከመቶ 70 በላይ ሲሊካ። ሲሊካ ብቻውን እንዲቀልጥ 1,700 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ሶዳ አሽ የሚባለው የሶዲየም ጨው ሲጨመርበት ነው በአቅማችን ልክ የሚቀልጠው። ግን ሶዳና አሸዋ ብቻ ከሆነ ውኃ ያሟሟዋል፣ ስለዚህ ኖራ ይጨመርበታል። ሶዳ አሽ እኮ አገራችን ውስጥ አለ፣ አብያታ ሐይቅ ጋ ሲመረት ኖሯል። ጥሬ እቃ ቸግሮን አይደለም ለማለት ነው።

አንተ ግን ከአሸዋ ልትነሳ አይገባህም፣ የተሰበረውን ማቅለጥ ይቀላል። አንደኛው ጉዳይ እንግዲህ ይሄ ነው፣ አትቀላቅል። እያንዳንዱ መስታወት ሲሞቅ የሚለጠጥበት፣ ሲቀዘቅዝ የሚሰበሰብበት መጠን አለው፣ በቁጥር ይገለጻል። አሜሪካ ስቱዲዮዎች የሚጠቀሙት መስታወት በብዛት 96 ተብሎ ይታወቃል፣ የጠርሙስና የመስኮት መስታወት ደግሞ ከዚያ ዝቅ ይላል፣ 90 አካባቢ። የላቦራቶሪው ቦሮሲሊኬት 33 ነው። ቁጥራቸው የተለያየ ሁለት መስታወት ካጣበቅህ ሙቀት ላይ እያሉ ይስማማሉ፣ ሲቀዘቅዙ አንዱ ከሌላው የበለጠ ይሰበሰባል፣ ይሰነጠቃል። አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ከሳምንት በኋላ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀለም ጠርሙስ ሰብስብ፤ ከስቱዲዮ የተገዛ የቀለም ዘንግ አታስነካው። ሜሪም ብትሆን የወንድሟን ስባሪ እዚያ ስቱዲዮ ምድጃ ውስጥ ብትከት ያባርሯታል፣ ልክም ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ ማቀዝቀዝ ነው። ሰው ስለ ማቅለጥ ብቻ ያስባል። የተሠራው እቃ 480 እስከ 500 ዲግሪ አካባቢ በሚይዝ ሌላ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ቆይቶ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ቆዳው ቶሎ ቀዝቅዞ ውስጡ ሲዘገይ እርስ በርሱ ይሳሳባልና። ለስስ ብርሌ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ውፍረት ሲጨምር ጊዜው በእጥፍ ሳይሆን ከዚያ በላይ ነው የሚያድገው። 1934 ኮርኒንግ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ለፓሎማር ቴሌስኮፕ የቀለጠው 5 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት እስኪቀዘቅዝ 10 ወር ገደማ ፈጅቷል። አንተ የሴራሚክ ምድጃህን ለዚህ ልታውለው ትችላለህ፣ መቆጣጠሪያው ዲጂታል ከሆነ። ለማቅለጫው ግን ሌላ ያስፈልግሃል፣ ሴራሚክ ምድጃ ተዘግቶ ነው የሚሠራው፣ ይሄኛው እየተከፈተ ቀንና ሌሊት መቀጠል አለበት። የነዳጁን ወጪ አስቀድመህ አስላ። ሰው የሚያቆመው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ሽሮሜዳ_84

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን። የኔ መቆጣጠሪያ ዲጂታል ነው፣ ደህና። የማቅለጫውን ግን ሳስበው እንቅልፍ ነሳኝ፣ መብራት ሲጠፋስ?

የሙቅ_ቤት_ረዳት

ማቅለጫው በጋዝ ይሥራ እንጂ በመብራት ብቻ አትመካ፣ ግን ንፋስ ሰጪው ሞተር መብራት ስለሚፈልግ ጄኔሬተር ይኑርህ። ደግሞ ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ልጨምር፣ የጠርሙስ መስታወት ለማሽን ተብሎ የተቀመመ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። ከስቱዲዮው መስታወት ይልቅ እጅህ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፣ ስለዚህ ወደ ማሞቂያው ብዙ ትመላለሳለህ። ረጅም አንገት ደግሞ የባሰ ነው። ግን የማይቻል አይደለም። ካይሮም ኬብሮንም ሲሠሩበት የኖሩት በተሰበረ ጠርሙስ ነው። ቅርብ ከፈለግህ ናይሮቢ ዳር ኪቴንገላ የሚባል ቦታ አለ፣ ከወዳደቀ መስታወት በእጅ ይነፋሉ። ስዋዚላንድ ደግሞ (አሁን ኤስዋቲኒ) ንግዌንያ የሚባለው አለ፣ 1979 በስዊድን ድጋፍ ነው የተጀመረው፣ እነሱም በጠርሙስ ነው የሚሠሩት። አንተ ብሆን ገንዘቤን ምድጃ ላይ ከማፍሰሴ በፊት ናይሮቢ ሄጄ አይቼ እመጣ ነበር።

ስቱዲዮ ማቋቋም ትልቅ ፋብሪካ አይጠይቅም፣ ይሄን ያሳየው የሴራሚክ መምህር የነበረው ሃርቪ ሊትልተን ነው። 1962 ቶሌዶ፣ ኦሃዮ ውስጥ የከተማው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግቢ ትንሽ ምድጃ ሠርቶ ሰዎችን ሰበሰበ። የመጀመሪያው ቅልጥ አልሠራ አለ። ዶሚኒክ ላቢኖ የሚባለው የመስታወት ባለሙያ የፋብሪካ የመስታወት ብይ አቀበለውና ያ ቀለጠ፣ ያ ነው የተነፋው። ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ መስታወት መንፋት የፋብሪካ ሥራ ነበር፣ ሰዓሊ ይነድፋል ሠራተኛ ይነፋል። ዛሬ እዚህ በየሰፈሩ ያለው ሁሉ ከዚያች ምድጃ ነው የመጣው፣ ቺሁሊም የሊትልተን ተማሪ ነበር።

ናታንያ_ነኝ

እኔ ደግሞ እስራኤል ነው ያለሁት። ሜሪ በቅርጽ ማውጫ ቢነፋ ማጭበርበር ነው ወይ ብለሽ የጠየቅሽው ሳይመለስ አለፈ። አይደለም! ቴል አቪቭ የኤሬጽ እስራኤል ሙዚየም የመስታወት ክፍል አለው፣ ልጆቼን ይዤ ሄጄ ነበር። እዚያ ኢኒዮን የሚባል ባለሙያ የሠራት ሰማያዊ ማንቆርቆሪያ አለች። ሰውዬው በ1ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ነው፣ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ነፍቶ ነው የሠራት፣ ስሙንም በግሪክኛ «ኢኒዮን ሠራው» ብሎ ቅርጹ ላይ ስለቀረጸው አብሮ ተነፍቶ ወጥቷል። ሁለት ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ፊርማ ነው። ማንም አጭበርባሪ አላለውም። መንፋት ራሱ የተጀመረው እኮ በዚህ አካባቢ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻው ክፍለ ዘመን፤ ከዚያ በፊት መስታወት የሀብታም እቃ ነበር፣ መንፋት ሲመጣ ነው ተራው ሰው መጠጣት የጀመረበት።

ለሽሮሜዳ ደግሞ፣ ሰሜን ውስጥ ቤት ሸዓሪም የሚባል ቦታ አለ። 1956 ዋሻውን ሲያጸዱ አንድ ትልቅ ድንጋይ አገኙ፣ ከቦታው አልነቃነቅ አለ። ኋላ ሲመረመር ድንጋይ አይደለም፣ 9 ቶን ገደማ የሚመዝን አንድ ጠፍጣፋ መስታወት ነው። በጥንት ጊዜ በቦታው አቅልጠውት ኖራው በዝቶ ተበላሽቶባቸው ጥለውት ሄደዋል። አስበው፣ ያን ሁሉ ማገዶ አንድደው! እንደ ጋሼ ያለ ኬሚስት አጠገባቸው አልነበረም።

ደግሞ የኛንም አትርሱ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የግሪክ ነጋዴዎች የባሕር መንገድ መምሪያ አዱሊስ ከሚገቡ ሸቀጦች መሃል የግብፅ መስታወት ይቆጥራል፤ አክሱም መቃብሮች ውስጥም የመስታወት ዋንጫዎች በቁፋሮ ተገኝተዋል። መስታወት ለኛ እንግዳ አይደለም። የመጣው ተሠርቶ ነው እንጂ።

ሜሪ_ሬንተን

ውይ! አንድ ጥያቄ ጠይቄ ትምህርት ቤት ገባሁ እኮ። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼንም በተለይ። ወንድሜ ሊንኩን ልኬለት አንብቦ ዝም ብሏል፣ ተረትቷል ማለት ነው።

እናቴ ጋ ደውዬ የድሮዎቹን ብርሌዎች በቪዲዮ አሳይታኛለች። የቀሩት ሁለት ጥያቄዎች፦ የድሮው የእጅ መሆኑ በምን ይታወቃል? ደግሞ እኔ ቢጫ ማድረግ ነው የምፈልገው፣ የጠጅ ቀለም።

የሙቅ_ቤት_ረዳት

የጠጅ ቀለም ጠጁ ራሱ ይሰጠዋል፣ ለምን ታባክኛለሽ!

የመጀመሪያው ቀላል ነው። እናትሽን ባዶውን ብርሌ መስኮት ጋ ብርሃን ላይ እንድትይዝ ንገሪያት። በጎንና በጎኑ ከታች እስከ አንገቱ ቀጥ ያለ ስስ መስመር ካለ፣ ጥፍር ሲነካው የሚሰማ፣ ሁለት ግማሽ የብረት ቅርጽ ውስጥ ነው የተሠራው፣ የማሽን መሆኑ ይበዛል። መስመር ከሌለው ገልብጣ ታቹን ትይ። መሃሉ ላይ ሻካራ ጠባሳ ካለ፣ ወይም ጠባሳው ተፍቆ የተለሰለሰ ጎድጓዳ ካለ፣ ፐንቲ የተነቀለበት ነው። ያ በእጅ ነው። ሌላም ምልክት አለ፣ በእጅ የተሠራ አፉ ዙሪያው እኩል አይወፍርም፣ ጠረጴዛ ላይ ሲያዞሩት አንገቱ ትንሽ ይወዛወዛል። ትናንሽ ሞላላ አረፋዎች አንገቱ ላይ ወደ ላይ ተለጥጠው ካየሽ አንገቱ ተስቦ ነው የወጣው። ግን መስመር የሌለው ሁሉ የእጅ ነው አልልሽም፣ ቅርጹ ውስጥ እያዞሩ ሲነፉት መስመሩ ይጠፋል።

ስለ ቅርጽ ማውጫ ናታንያ ልክ ናት። አንቺ ግን ለመጀመሪያው ብርሌ አትጠቀሚ እላለሁ፣ ማጭበርበር ስለሆነ አይደለም። ሆዱን ቢያወጣልሽም አንገቱን አያስተምርሽም፣ የቸገረሽ ደግሞ አንገቱ ነው። ይልቅ አጭር አንገት ካላት ብልቃጥ ጀምሪ፣ ቀጥሎ ረዘም፣ ቀጥሎ ረዘም። አስተማሪሽን «ብርሌ አስተምረኝ» አትበይው፣ «ትከሻ እንዴት እንደሚሞቅና አንገት እንዴት እንደሚሳብ አሳየኝ» በይው። እንዲህ ስትይው እምቢ አይልም።

ጊዜ ካለሽ ታኮማ የመስታወት ሙዚየም ሂጂ። ያ ዘመም ያለው ትልቅ የብረት ሾጣጣ ጣራ ሥር ሙቅ ቤት አለ፣ ተቀምጠሽ ሲሠሩ ታያለሽ። ዋናውን ሠሪ አትይ፣ ረዳቶቹን እይ፤ መቼ በር እንደሚከፍቱ፣ ፐንቲው ሲመጣ ምን ያህል ትኩስ እንደሆነ፣ ማንም ሳይናገር እንዴት እንደሚግባቡ። የፕሬስተን ሲንግልተሪን ሥራም ካገኘሽ ተመልከቺ። የሲያትል ሰው ነው፣ ትሊንጊት ከሚባለው የአላስካ ነባር ሕዝብ ነው። የሕዝቡን ባርኔጣ፣ ቅርጫት፣ እንጨት ላይ ይቀረጽ የነበረውን ምስል በመስታወት ነፍቶ ላዩን በአሸዋ ንፋስ ይቀርጸዋል። አገርኛ ቅርጽ በዚህ ሙያ መሥራት ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግሽ ከሱ የተሻለ አላውቅም። ብርሌውን ሳስብ እሱ ነው ትዝ ያለኝ።

ልብስሽ ጥጥ ይሁን። ናይሎን ሻሽም ናይሎን ካልሲም አትልበሺ፣ ፍንጣሪ ሲያርፍበት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጫማሽ ድፍን ይሁን። በጾም ቀን ከሆነ ውኃ የማትጠጪው ሌላ ቀን ያዢ፣ ማሞቂያው ፊት ራስን መሳት አለ።

ቀለሙን በተመለከተ። ሰማያዊ ከኮባልት ነው፣ አረንጓዴ ከመዳብ ወይ ከብረት፣ እነሱ አያስቸግሩም። ቢጫ፣ ብርቱካንና ደማቅ ቀይ የቀለም ዘንጎች ግን ብዙዎቹ ካድሚየም አለባቸው። ለጌጥ ምንም አይደለም፣ ጠጅ ግን ኮምጣጣ ነው፣ ብርሌ ውስጥም ይቆያል። ስለዚህ የግድ ቢጫ ካልሽ መጀመሪያ የጠቀለልሽው ጥርት ያለው ይሁን፣ የቀለም ዱቄት ላይ አንከባልለሽ ቀለሙን ከውጭ አስይዢው፣ ከላዩ እንደገና ጥርት ያለ ጠቅልይበት። ያኔ ቀለሙ መሃል ይቀራል፣ ጠጁንም ከንፈርንም አይነካም። አፉ ጋ ስትደርሺ ደግሞ ቀለሙ እስከ ጫፍ እንዳይሄድ ከቀለበቷ ትንሽ ዝቅ አድርገሽ አስቀሪው። የቀለሙን ዓይነት ስቱዲዮው ጠይቂያቸው፣ የእያንዳንዱን ዝርዝር ወረቀት ይዘዋል።